ከውጭ የሚቆለፍ በር

የቁልፍ ሠሪው ሱቅ በሁለት ትልልቅ ሕንፃዎች መሀል የተሸጎጠች፣ ደንበኛ ቆሞ እንጂ ተቀምጦ የማይስተናገድባት ጠባብ ቦታ ናት። ገና ያልተቀረጹ ቁልፎች ከጣሪያዋ ተንጠልጥለው ነፋስ በነካቸው ቁጥር ይንሿሿሉ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ በዚያች ሱቅ ደጃፍ ሁለት ጎረቤታሞች ሳይቀጣጠሩ ተገናኙ። አንደኛዋ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው፤ የሻንጣቸው ቁልፍ ተሰብሮባቸው መጥተዋል። ሁለተኛዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ እሷ ደግሞ ለአዲሱ ጓጉንቸሯ ሁለተኛ ቁልፍ ልታስቀርጽ ነው የመጣችው።

ልብስ ሰፊዋን የሰፈሩ ሰው «እትዬ ቁልፍ» ይላታል፤ ፊት ለፊቷ ሳይሆን ዞር ስትል። ስሙ የወጣላት በወፍራም ክር አስራ አንገቷ ላይ ከምታንጠለጥላቸው ቁልፎች ነው። የበሩ አለ፣ የቁም ሳጥኑ አለ፣ የሳንዱቁ አለ፣ የምን እንደሆነ እሷም የረሳችው አለ። ስትራመድ ስለሚንቃጨሉ መምጣቷ የሚታወቀው ገና ሳትታይ ነው።

«እትዬ፣ እንግዲህ እኔ ዘንድ ያላስቀረጹት የገነትን በር ቁልፍ ብቻ ነው» አላት ቁልፍ ሠሪው፣ ቁልፉን በማሰሪያው ላይ እያጠበቀ።

«አንተ ቀልድ። አንድ ብቻ ነው ያለው፤ ቢጠፋብኝ ምን ይውጠኛል? ቶሎ ቅረጽልኝና ልሂድ፣ ቤት ሰው አለ።»

«ሰው ካለማ ቁልፍ ምን ያደርግልዎታል? አንኳኩቶ መግባት ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። አዋላጇ ግን ነገሩ ስለገባቸው ቀና ብለው አዩዋት።

«ልጅሽን ቆልፈሽባት ነው የመጣሽው?» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ለደኅንነቷ ነው ሲስተር።»

ይህች ሴት ድሮ እንዲህ አልነበረችም። በወጣትነቷ የሙሽራ ቀሚስ የምትቀድ፣ መቀሷ ጨርቅ ላይ ሲሮጥ ውሃ ላይ እንደሚሄድ ጀልባ የነበረ ባለሙያ ናት። ባሏ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። አንድ እሑድ ጠዋት ጢሙን ሊላጭ ውሃ አሙቆ፣ ፊቱን በሳሙና አርሶ፣ ምላጭ ማለቁን ያየው ያን ጊዜ ነው። «መጣሁ» ብሎ በነጠላ ጫማ ወጣ። ፍሬን የበጠሰ የጭነት መኪና አውራ ጎዳናው ላይ አገኘው። ያሞቀው ውሃ ሳይበርድ መርዶው ቤቱ ደረሰ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ከዚያን ቀን ወዲህ «መጣሁ» የሚለውን ቃል መስማት አትችልም። ልጇ ትንሽ ሳለች እጇን ይዛ ትምህርት ቤት አደረሰቻት፣ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት፣ ይዛት ተመለሰች። ልጅቷ አድጋ እጇን ማስያዝ ሲያሳፍራት በር መቆለፍ ተጀመረ። መስኮቱ ሌባ ይገባበታል ተብሎ በእንጨት መዝጊያው ላይ ሚስማር ተመታበት። ሙሽራ ቀሚስ መቅደዱም በዚያው ቀረ። ውድ ጨርቅ አንዴ በመቀስ ከሳቱት አይመለስማ፤ የትራስ ልብስ ግን አራት ማዕዘን ነው፣ አይሳሳቱበትም። እነሆ ዛሬም የምትሰፋው የሆቴል ትራስ ልብስ ነው፤ ከዚያ በቀር ምንም።

አዋላጇ ይህን ሁሉ ያውቃሉ። ልጅቷንም በእጃቸው የተቀበሏት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ነገሩን በቁጣ ሳይሆን በእርጋታ ጀመሩት፤ የድሮው ቁልፍ ምን ሆኖ አዲስ እንደተገዛ ጠየቋት። ልብስ ሰፊዋም ዙሪያዋን ቃኝታ ነገረቻቸው። ልጅቷ ለካ በአዝራር ቆርቆሮ ውስጥ የድሮውን ጓጉንቸር ሁለተኛ ቁልፍ አግኝታ፣ በበሩ ሥር አሾልካ ለጎረቤት ሰጥታ አስከፍታ ኖሯል። እናትየው ሆቴሉ ድረስ ሄዳ ስትመለስ ልጅ የለችም። እስክትመጣ ድረስ እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት። ልጅቷ ስትመጣ በእጇ የያዘችው ከነርሶች ትምህርት ቤት የተሰጣት የመግቢያ ወረቀት ነው። ትምህርቷን ስትጨርስ የተፈተነችውን ፈተና አልፋለች። ምዝገባው በዚህ ሳምንት ያልቃል።

«ታዲያ ይህ የሚያስደስት ነው እንጂ የሚያስቆልፍ ነው?» አሉ አዋላጇ።

«ትምህርት ቤቱ ከከተማው ወዲያ ማዶ ነው፤ አውቶቡስ አለው፣ መንገድ አለው፣ ሰው አለው። እርስዎ መንገድ ምን እንደሚያደርግ አያውቁም ሲስተር። እኔ አውቃለሁ።»

«እንዴት አላውቅም? ስንቱን የተጎዳ ሰው ሆስፒታል ውስጥ አይቼ የለም? ቢሆንም እኔም በየቀኑ በዚያው መንገድ ሄጄ እሠራ ነበር።»

«እርስዎ ጀግና ነዎት። እኔ ፈሪ ነኝ፣ አላፍርበትም። ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ? ልጄም ለእናቷ ትኑርልኝ።»

«ለእናቱ ይሁን፣ ግድ የለም» አሉ አዋላጇ። «ለራሱስ ማን ይሁነው?»

ቁልፍ ሠሪው መሞረዱን አቁሞ ሳቀ። ልብስ ሰፊዋ ገላምጣው ሥራውን እንዲሠራ አዘዘችው፤ እሱም «እኔ ጆሮ የለኝም እትዬ፣ እጅ ብቻ ነኝ» ብሎ ወደ ሞረዱ ተመለሰ።

አዋላጇ ቀጠሉ። «አንድ ነገር ልንገርሽ። በዚህ እጄ ብዙ ልጅ ተቀብያለሁ። ሁሉም ሲወጣ ያለቅሳል። ብርዱ ነው፣ ብርሃኑ ነው፣ ያስፈራዋል። ልመለስ ያለ ግን አንድም አላየሁም። የአንቺም ልጅ እንደዚያው አልቅሳ ወጥታለች። ዛሬ መልሰሽ የት ልታስገቢያት ነው?»

«ቃሉ ያምርልዎታል። እኔ ግን ቃል አላሳድግም፣ ልጅ ነው የማሳድገው። ስትወጣ የምሆነውን ቢያዩ እንዲህ አይሉኝም ነበር። እንቅልፍ የለኝ፣ እህል አይወርድልኝ። በሩን ስቆልፍ ብቻ ነው ትንሽ የሚቀለኝ።»

«ለምን ያህል ጊዜ ይቀልሻል?»

እውነቱን ለመናገር፣ ቆልፋ ከደጃፉ ፈቀቅ ስትል ነው መልሶ የሚጀምራት። ቆልፌዋለሁ ወይስ ረስቼዋለሁ ብላ ተመልሳ የምትነካው ቀን ብዙ ነው።

«አየሽ፣ ፍርሃት እንግዳ ነው» አሉ አዋላጇ። «ሲመጣ አይመለስም፤ ወንበር ሰጥተሽ ታስቀምጪዋለሽ። አንቺ ግን የቤቱን ቁልፍ ነው የሰጠሽው። እሱ ውጪ ሲልሽ ትወጫለሽ፣ ግቢ ሲልሽ ትገቢያለሽ። ለመሆኑ አንቺ ራስሽ ምን ትፈልጊያለሽ? ስለ ልጅሽ አልጠየቅኩሽም። ስለ ራስሽ ነው።»

«እኔ?» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ሰው በስሟ ጠርቶ ሌላ ሴት የጠየቀ ይመስል ግራ ተጋባች። «እኔማ ልጄ ደኅና ከሆነችልኝ ምን እፈልጋለሁ።»

«እኔ ያመጣሁልሽ ሰማያዊ ጨርቅስ? ቀሚስ ስፊልኝ ካልኩሽ ስንት ዘመኑ።»

«ሳንዱቅ ውስጥ ነው። ደኅና ነው። ተቆልፎበታል።»

«እሱም ተቆልፎበታል» አሉ አዋላጇ ለራሳቸው።

ልብስ ሰፊዋ በዚህ ተናደደች። ትሕትናዋ እንዳለ ሆኖ ድምፅዋ ከፍ አለ። ሰው ሁሉ በእሷ ቤት ላይ መካሪ መሆኑን፣ ልጇ ግን እስከ ዛሬ አንድም ክፉ ነገር እንዳልነካት፣ ይህም በምክር ሳይሆን በመቆለፍ የተገኘ መሆኑን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ከዚያም እንዲህ አለች፤

«አሁን እንኳ የት ናት? ቤቷ። ምን ይነካታል? ቁጭ ብላ ለሆቴሉ የሚሄደውን የትራስ ልብስ እየተኮሰች ነው።»

«መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም እኮ።»

«በአሮጌው ካውያ ነዋ፣ በከሰሉ። እንዳይበርድባት ማንደጃውን ሞልቼ አቀጣጥዬላት ነው የወጣሁት።»

አዋላጇ እጃቸውን ከሻንጣቸው ላይ አነሡ።

«ማንደጃው የት ነው ያለው?»

«ውስጥ ነዋ። ደጅ እንዴት ትወጣለች?»

«መስኮቱስ?»

«መስኮቱማ ተቸንክሯል፤ ያውቁት የለም እንዴ? የበሩንም ሥር ነጩ ጨርቅ አቧራ እንዳይነካው ብዬ…»

አልጨረሰችውም። የአዋላጇ ፊት ሲለወጥ አየች፤ እኚህ ሴት ስንት ደም አይተው ፊታቸው የማይለወጥ ናቸው። «ከሰል ሲነድ የሚወጣው አየር ሽታ የለውም» አሉ፣ እየተቻኮሉ ሳይሆን ቃሉን አንድ በአንድ እየለዩ። «ዝም ብሎ ያስተኛል። ቁልፉን ተቀበይው። አሁኑኑ።»

ቁልፍ ሠሪው ዋናውንም፣ ገና በወጉ ያልተሞረደውንም ከማሰሪያው ፈልቅቆ በአንድ ላይ እጇ ውስጥ ጣለላት።

ሰው የሚፈራውን በፊት በር ቆሞ ሲጠብቅ፣ ያልፈራው በጓሮ ይገባል። ይህች እናት መኪና ፈርታለች፤ ሌባ ፈርታለች፤ ጎረምሳ ፈርታለች፤ ዝናብና ፀሐይ ሳይቀር ፈርታለች። ያልፈራችው ነገር ቢኖር የገዛ ቤቷን ነበር።

ባሏ የወደቀበትን ያንን አውራ ጎዳና ሌላ ጊዜ ስታቋርጥ ሰው እስኪያዝንላት ቆማ ግራና ቀኝ ታያለች። ያን ቀን አላየችም። መኪናው ሲጮህባት ሰማች እንጂ ለማን እንደሚጮህ አላሰበችም። አንገቷ ላይ ያሉት ቁልፎች ደረቷን እየደበደቡ፣ አዋላጇ ከኋላዋ ቁና ቁና እየተነፈሱ፣ የግቢው በር ደረሱ። ተከራዩ ሁሉ ሥራ ላይ ስለሆነ ግቢው ጭር ብሏል። የእነሱ ክፍል ከሁሉም ኋላ፣ ግንቡ አጠገብ ያለችው ናት።

«ልጄ።»

መልስ የለም።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ። መጥቻለሁ።»

ጓጉንቸሩን ያዘችው። አዲስ ነው፣ ይከብዳል፤ ከሁሉ ጠንካራው የቱ ነው ብላ መርጣ የገዛችው ነው። ሳትለይ ከሁለቱ ቁልፎች አንዱን ከተተችና አዞረችው። ግማሽ ድረስ ሄዶ ቆመ። ደግማ በኃይል አዞረችው። እምቢ አለ። ልታወጣው ሳበችው፤ አይወጣም። ያልተሞረደው ነበር። ዋናው በሌላ እጇ ውስጥ ቀርቷል፤ ቀዳዳው ግን ተይዟል።

አዋላጇ ገፋ አድርገዋት ሞከሩት፤ ጣታቸው ቆሰለ እንጂ አልላወስ አለ። ልብስ ሰፊዋ አንድ ጊዜ በሩን፣ አንድ ጊዜ ሴትዮዋን አየች። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ባለ ሰዓት ሌላ ሰው እንዲህ አድርጊ እስኪላት ትጠብቃለች። አሁን የሚላት የለም። አዋላጇም ትንፋሽ አጥሯቸው መናገር አልቻሉም።

በጓሮ በኩል ዞራ መስኮቱ ጋ ሄደች። እዚያ፣ ሰው ልብስ ሲያጥብ የሚቀመጥበት ብሎኬት አለ። አነሣችው፤ ሌላ ቀን ብትሞክረው ከመሬት ንቅንቅ አይልላትም ነበር። በገዛ እጇ የቸነከረችውን መዝጊያ መታችው። ሚስማሩ ጠንክሮ ነበር የተመታው። ደግማ መታችው። እንጨቱ ሲሰነጠቅ ጣቶቿን አስገብታ ገነጠለችው፤ ከውስጥ ያለውን መስታወት በክርኗ ሰበረችው። የሞቀ፣ የደነዘዘ አየር ፊቷን ገረፈው።

እንዴት እንደገባች ኋላ ስትጠየቅ አታውቀውም። የዚያ ዕድሜ ሴት በመስኮት ትገባለች ቢሏት ራሷ ትስቅ ነበር። ውስጥ፣ የተተኮሰው የትራስ ልብስ ጠረጴዛው ላይ በሥርዓት ተደርድሯል። ልጅቷ በሩ ሥር ተጋድማለች፤ ስንጥቁን የደፈነውን ጨርቅ በግማሽ ጎትታ፣ አፏን እዚያ አድርጋ። ፊቷ የተኛ ሰው ፊት ነው። እናትየው በብብቷ ሥር ይዛ ወደ መስኮቱ ጎተተቻት፤ አዋላጇ ከውጭ ክንዶቿን ተቀብለው አወጧት፤ ጓሮው ውስጥ መሬት ላይ አስተኝተው አንገቷን ቀና አደረጉ፣ ጆሯቸውን ደረቷ ላይ ጣሉ።

እናትየው መስኮቱ ላይ እንደቆመች የአዋላጇን ከንፈር ብቻ ታያለች። ያች ጊዜ የምታልፍ አይመስላትም ነበር።

«ትተነፍሳለች» አሉ አዋላጇ።

ወዲያው ልጅቷ ሳለች፤ ከዚያም አስመለሳት። በዓለም ላይ እንዲህ ደስ የሚል ድምፅ የሰማች እናት የለችም።

ቁልፍ ሠሪው መዶሻና መጋዝ ይዞ እየሮጠ የደረሰው ያን ጊዜ ነው። ልጅቷ መትረፏን ሲያይ በሩ ጋ ሄዶ ጓጉንቸሩን እስኪረግፍ ቀጠቀጠው፤ የሚሰብረው ጓጉንቸሩን ሳይሆን ድንጋጤውን ይመስል ነበር። «ስሠራው እንጂ ስሰብረው ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው» አለ፣ ላቡን እየጠረገ፤ ማንም አልሳቀም፤ ለመሳቅ ጊዜ አልነበረም። ልጅቷን ጤና ጣቢያ ወሰዷት፤ ንጹሕ አየር በጭምብል ሰጧት፤ ሲመሻሽ ራሷን ከማመሙ በቀር ደኅና ናት፣ ቤቷ ትሂድ አሉ።

አንባቢ እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ ይመስለው ይሆናል። ፍርሃት ግን እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ ወዳጅ አይደለም። በማግስቱ አዋላጇ ሊጠይቋቸው ሲመጡ ልብስ ሰፊዋ ከልጇ አልጋ ሥር ተቀምጣ፣ የልጇን የእጅ አንጓ በጣቶቿ ቀለበት አድርጋ ይዛ አገኟት። ሌሊቱን ዓይኗን አልከደነችም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ መስኮቱ መዝጊያ የለውም።

«እግዚአብሔር ይማርሽ ልጄ» ብለው ተቀመጡ አዋላጇ። ወደ እናትየውም ዞረው፣ «እጇን ልቀቂያት፣ ደሟ ይዘዋወር» አሉ።

«አልለቃትም። እርስዎ ትናንት ያሉኝን አስቤበታለሁ። እውነት ነው፣ ሁለተኛ አልቆልፍባትም። ቤትም ያው ሞት አለበት። ከእንግዲህ ከዓይኔ አትጠፋም፤ ውሃ ስትቀዳም አብሬ፣ ስትተኛም አብሬ። በቃ።»

«እንግዲያ ጓጉንቸሩን ጥለሽ አንቺው ጓጉንቸር ሆንሽ።»

«ልሁን። የከፋ ነገር ሊደርስባት አንዲት ስንዝር ቀርቶት አይተው የለ?»

«አይቻለሁ። ያዳንሻት ግን ስለጠበቅሻት ነው?» አሉ አዋላጇ። «ያዳንሻትማ ያን መስኮት ስለሰበርሽው ነው። ማንም ሳያዝሽ። እኔ እዚያ ቆሜ እጄን ስይዝ አንቺ ወሰንሽ። ያቺ ሴት ናት እናት። ያቺን ሴት ነው ይህን ሁሉ ዘመን ቆልፈሽባት የኖርሽው።»

ልብስ ሰፊዋ ራሷን ነቀነቀች። ይህ ለእሷ የተነገረ አልመሰላትም። ያን ጊዜ ልጅቷ ከተኛችበት፣ ዓይኗን ጣሪያው ላይ አድርጋ ተናገረች። ብዙ የማትናገር ልጅ ናት።

«እማዬ፣ መዶሻውን አንስቼ ነበር።»

«የምን መዶሻ ልጄ?»

«ራሴን ሲያዞረኝ ጊዜ ነዋ። መስኮቱን ልሰብረው መዶሻውን ከስፌት መኪናሽ መሳቢያ አወጣሁት። ከዚያ አንቺ የቸነከርሽው መሆኑን አሰብኩ። ሳልጠይቅሽ ብሰብረው ትቆጫለሽ አልኩ። ትመጣለች፣ ስትመጣ ትከፍትልኛለች ብዬ… ተቀመጥኩ።»

የልብስ ስፌት መኪናው መሳቢያ እውነትም እንደተከፈተ ነው፤ መዶሻው በሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ወድቋል። እናትየው ትናንት በግርግሩ ረግጣው አልፋ አላየችውም። አሁን አየችው።

ልጇ ለመዳን የሚያስፈልጋት ሁሉ እጇ ላይ ነበር። የጎደላት ፈቃድ ብቻ ነው። ለመተንፈስ የእናቷን ፈቃድ ስትጠብቅ ልትሞት ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ከልጇ አንጓ ላይ ጣቶቿን አንድ በአንድ አነሣች። ቆዳው ላይ ቀይ ቀለበት ቀርቷል። «እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኩሽ» አለች። አላለቀሰችም፤ ድምፅዋ ከልቅሶ ይብስ ነበር።

አዋላጇ ይህን ጊዜ ተጠቅመው መፍረድ ይችሉ ነበር፤ አልፈረዱም። ወንበራቸውን አስጠግተው እንዲህ አሏት፤

«ስሚኝ እህቴ። አትፍሪ አልልሽም፤ እናት ሆኖ የማይፈራ የለም። የምልሽ ይህ ነው፤ የልጅሽን መንገድ ልጅሽ ትሂደው፤ አንቺም የራስሽን ሂጂ። ለልጅ የሚሰጥ ጥበቃ ማለት ማስተማር ነው። መንገድ እንዴት እንደሚቋረጥ አስተምሪያት። ክፉ ሰው ሲገጥማት እምቢ ማለትን አስተምሪያት። ቤት ሲያፍናት መስኮት ሰብራ መውጣትን አስተምሪያት፤ የእናቷ መስኮት ቢሆንም። ከዚያ በኋላ ያለው ከእኔም ከአንቺም በላይ ነው።»

«ከሄደችስ በኋላ እኔ ምን እሠራለሁ?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ቀስ ብላ።

ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የፍርሃቷ ሥር ያለው እዚያ ነበር። መንገዱም መኪናውም ቅርንጫፍ ናቸው። ልጇን ካልጠበቀች እሷ ማን ናት? ሰው የራሱን ኑሮ ትቶ የሌላውን ሲጠብቅ ከቆየ፣ ወደ ራሱ መመለስ ባዕድ ቤት የመግባት ያህል ያስፈራዋል።

አዋላጇ የሳንዱቁን ቁልፍ ከአንገቷ ላይ በጣታቸው ነካ አደረጉና ሄዱ።

የምዝገባው የመጨረሻ ቀን እናትና ልጅ አብረው ወጡ። አውራ ጎዳናው ጋ ሲደርሱ እናትየው እንደ ልማዷ እጅ ልትይዝ እጇን ዘረጋች፤ መልሳም ሰበሰበችው። «አንቺ አሻግሪኝ» አለቻት። ልጅቷ ግራ አየች፣ ቀኝ አየች፣ አንድ አውቶቡስ አሳልፋ «አሁን» አለች። ተሻገሩ። ልጅቷ ጠንቃቃ ናት፤ እናትየው ይህን ያወቀችው ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት የምታውቅበት ዕድል አልነበረማ።

ትምህርቱ በተጀመረ ቀን ግን አብራ አልሄደችም። ማቆሚያው ድረስ ሸኘቻት። ልጅቷ አውቶቡሱ ላይ ስትወጣ ዞር ብላ ያንን ቃል ተናገረች፤ «መጣሁ እማዬ።»

እናትየው ምሰሶውን ያዘች። አውቶቡሱ ጠምዝዞ እስኪሰወር እዚያው ቆመች፤ ከዚያም በኋላ ትንሽ ቆመች። ልትከተለው ፈለገች። ዞራ ወደ ቤቷ ሄደች።

ቤቱ ጸጥ ብሏል። በሩን ከፍታ ተወችው፤ መስኮቱም አዲስ መዝጊያ ተሠርቶለት፣ ከውስጥ በጣት የሚከፈት ሆኖ፣ ወለል ብሏል። ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ ደጁን አየች። ፍርሃቱ እንደ ወትሮው መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆሟል። «ግባ፣ ተቀመጥ፣ እኔ ግን ሥራ አለኝ» አለችው በሆዷ፤ የአዋላጇ ነገር ትዝ ብሏት ብቻዋን ፈገግ አለች። ሳንዱቁን ከፈተች።

ሰማያዊው ጨርቅ እጥፋቱ ላይ ትንሽ ደብዝዟል እንጂ ደኅና ነው። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። እንዲህ ያለ ጨርቅ ያንሸራትታል፤ ሲቀዱት እንዳይሸሽ ጫፉ ላይ ከባድ ነገር ይጫንበታል። ድሮ የምትጭንበት የብረት ክብደት የት እንደገባ አታውቅም። ዙሪያዋን ፈለገች። በሩ ሥር፣ ቁልፍ ሠሪው ቀጥቅጦ የጣለው ጓጉንቸር፣ ያልተሞረደው ቁልፍ እንደተሰነቀረበት፣ ተቀምጧል። አነሣችው። ከባድ ነው፤ ከሁሉ ጠንካራው ብላ የመረጠችው አይደል? በጨርቁ ጫፍ ላይ አስቀመጠችው። ጨርቁ ተያዘ።

መቀሱን አነሣች። ብስትስ? ብስት የሚበላሸው ጨርቅ ነው፤ ይቅርታ ጠይቄ ሌላ እገዛለሁ። ይህን በራሷ ድምፅ፣ ጮክ ብላ ለራሷ ተናገረችው። ከዚያም ቀደደችው። የመጀመሪያው ቅድ ትንሽ ጠመመ፤ ሁለተኛው ቀና፤ ከዚያ በኋላ መቀሱ መንገዱን አስታወሰ።

እናንተ ወላጆች ሆይ፣ ከዚህች ሴት ቤት የተገኘው ጥቅም ይህ ነው። ልጅቷ ማታ ስትመጣ የሚወራ ወሬ ይዛ ትመጣለች፤ ያን ጊዜ እናትየዋ የምታዳምጠው ከጸጉሯ እስከ ጫማዋ እየፈተሸች ሳይሆን እየሳቀች ነው። ልጅቷ ሲከፋት ትናገራለች፤ የማትወደውን አልወድም ትላለች፤ አንዳንዴ እናቷንም ትቃወማለች፤ ይህም መልካም ነው። ልብስ ሰፊዋ እንቅልፍ ይወስዳታል፤ ሁልጊዜ አይደለም፣ ግን ይወስዳታል። አንገቷ ላይ ክር የለም። የሰፈሩ ሰው የሚጠራበት ስም አጥቶ ተቸግሯል፤ ቁልፍ ሠሪው ብቻ «ደንበኛዬን አጣሁ» እያለ ያማታል። ፍርሃቷስ ጠፋ? አልጠፋም። መምጣቱን አይተውም፤ ወንበሩም አለው። ቁልፍ ግን አልሰጠችውም።

አዋላጇ ቀሚሳቸውን ሊለኩ የመጡ ቀን ጠረጴዛው ላይ ያለውን የተቀጠቀጠ ብረት አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁ።

«ጨርቅ የምይዝበት ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ። «ክንድዎን ቀና ያድርጉልኝ ሲስተር። አይንቀሳቀሱ።»

ከደጅ የአውቶቡስ ድምፅ ተሰማ። ቀና አላለችም። ትንሽ ቆይቶ በተከፈተው በር የልጇ እግር ኮቴ ገባ።